ሕዝቡን ስጠራ የኖርኩበት አዳራሽ

ክቡር ሊቀ መንበራችን ኮማንደር ሜኔዝስ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የማኅበራችን አባላት፣ ጎረቤቶቼ፤

እንዲህ ያለ ግብዣ ደግሳችሁ ስለምትሸኙኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሥጋውን በሸክላ ድስት ከጠዋት ጀምራ የጣደችው ዶና ኦዴት መሆኗን ሽታው ነግሮኛል፤ ስለዚህ ለሆዳችሁ ስል አላስረዝምም። ኮማንደር የሰጡኝ አምስት ደቂቃ ነው። እሳቸው ራሳቸው "አምስት ደቂቃ ብቻ" ብለው ጀምረው በአምስት ደቂቃ የጨረሱበትን ቀን የሚያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ።

የለም። በሉ እንቀጥል።

የጂኦግራፊ አስተማሪነቴን ትቼ ወደዚህ ማኅበር ስመጣ፣ ነፍሷን ይማርና እናቴ "ሥራሽ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"አሜሪካና አውሮፓ ጸጥታቸውን እንዴት አብረው እንደሚጠብቁ፣ ኔቶ ምን እንደሆነ ሰው እንዲያውቅ ማድረግ ነው" አልኳት።

"አሜሪካኖቹ እኮ አጥራችን ሥር ናቸው" አለች። "አውሮፕላናቸው በተነሳ ቁጥር ሳህኖቼ ይንጫጫሉ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይወቅ?"

እውነቷን ነው። በአትላንቲክ መሀል፣ በአዞሬስ ደሴቶች ላይ እየኖሩ ስለ አትላንቲክ ማስተማር ለዓሣ ዋና እንደ ማስተማር ነው።

የዚያን ጊዜ ሥራችን "ግንዛቤ ማስጨበጥ" ይባል ነበር። እውነቱን ለመናገር የምናስጨብጠው ወረቀት ነው። ሊዝበን ካለው ዋና ቢሯችን በካርቶን የሚላክልንን በራሪ ጽሑፍ በየመንደሩ እናድላለን፤ በሳምንቱ ገበያ ስወርድ ዓሣ ተጠቅልሎበት አገኘዋለሁ። ዓሣ ሻጩ እንዲያውም አመስግኖኛል። "ወረቀታችሁ ጥሩ ነው ዶና ሉርድስ፣ ውሃ አያሳልፍም" ብሎኛል።

የመጀመሪያውን ስብሰባችንን የምታስታውሱ አላችሁ? ከሊዝበን አንድ ፕሮፌሰር መጡ። ቀኑን የቆረጡት እዚያ ያሉት ሰዎች ናቸው፤ በእኛ መንደር ኮርማ በገመድ ታስሮ መንገድ ላይ የሚለቀቅበት የበዓል ቀን መሆኑን ከየት ይወቁ? አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። አንዱ ጆሮው አይሰማም፤ ሁለተኛዋ እግሯን ልታሳርፍ የገባች ናት። ፕሮፌሰሩ ግን ጨዋ ሰው ነበሩና ለሁለቱም አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩ። ልክ ሊጨርሱ ሲሉ ውጭ ጩኸት ሆነ፤ በሩ ተበረገደና አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ ጢም አለ። ኮርማው ገመድ ያዦቹን አስከትሎ ወደ እኛ በር ዞሮ ኖሯል። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ፣ "ዘግይታችሁ ለመጣችሁት ከመጀመሪያው ልድገምላችሁ" አሉ። ማን ይውጣ? ኮርማው ደጃፉ ላይ ቆሟል።

መስኮቱ ሥር የነበረች ሴትዮ እጇን አወጣች። "ጌታዬ፣ 'አንዱን የነካ ሁሉንም ነካ' የምትሉት ቃል ኪዳን፣ ይሄ ኮርማ ጎረቤቴን ቢወጋው እኔንም ይመለከተኛል?"

ፕሮፌሰሩ አሰቡ። "በመርህ ደረጃ፣ አዎ።"

"እንግዲያው ጎረቤቴ መጀመሪያ የገፋብኝን አጥር ይመልስ" አለች።

ጎረቤትየው እዚያው ነበር። ስለ ኔቶ ሞቅ ያለ ክርክር በደሴታችን የተጀመረው ያን ዕለት ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ የኮርማውን ቀን ሳልጠይቅ ስብሰባ ጠርቼ አላውቅም።

አሁን ደግሞ አንድ ቁም ነገር ላውራችሁ። ነባሮቹ ታውቁታላችሁ፤ አዲሶቹ ግን ይህ ማኅበር የማን እንደሆነ እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

የኔቶን ቃል ኪዳን ዓመት በዓል በዚህ አዳራሽ ልናከብር ሽር ጉድ ስንል፣ የአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር የደሴቲቱን ተወላጅ ሠራተኞች ሊቀንስ ነው የሚል ወሬ በሬዲዮ ተነገረ። ወሬም አልነበረም፣ እውነት ነበር። ከሚቀነሱት አንዱ የእህቴ ባል ነው። ሌላው ደግሞ የጦር ሰፈሩ የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር ኤቫሪስቶ ቶስቴ ነው፤ ያው እዚያ ጥግ ሆኖ ንግግሩ ሳያልቅ ዳቦውን የጀመረው።

ኤቫሪስቶ ቆቡን በእጁ ይዞ ቢሮዬ መጣ። "ዶና ሉርድስ" አለኝ፣ "ልጆቼን እርስዎ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው 'አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነሳል' ብለው አስተምረዋቸዋል። ትንሿ ልጄ ትናንት 'አባዬ፣ ለአንተ ማን ነው የሚነሳው?' አለችኝ። ምን ልበላት?"

ወንበር ሰጠሁት፤ ተቀመጠ።

በማግስቱ ከሊዝበን ተደወለ። ትልልቅ እንግዶች ስለሚመጡ በዓሉ እንዳይበላሽ፣ የሥራ ቅነሳው ጉዳይ እንዳይነሳ አሉን። እኔም ወደ ኮማንደር ገባሁና "ሠራተኞቹ ካልተናገሩ ሌላ እንግዳ ተቀባይም አስተርጓሚም ይፈልጉ" አልኳቸው።

"ሉርድስ፣ እኛ እኮ የግንዛቤ ማኅበር ነን፤ የሠራተኛ ማኅበር አይደለንም" አሉ።

"ሰው ኑሮው ሲናጋ ካልሰማነው ምኑን ነው የምናስገነዝበው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልታጣይኝ ነው?"

"ከማን ጋር?"

ተኮራርፈን ሰነበትን። ወንበር ሲደረደር እንኳ በሌላ ሰው በኩል ነበር የምንነጋገረው።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። የፊተኛው ረድፍ በእንግዶች ሞላ፤ የጦር ሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ራትሊፍ የምትባል ረጅም ሴት መሀል ተቀምጣለች። ማስተርጎሙን አልተውኩም፤ ኩርፊያዬ ሥራ ላይ ብዙ አይጸናም። ሠራተኞቹና ቤተሰቦቻቸው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ኮማንደር ተነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ንግግር አዘጋጅቼ ነበር" አሉ። "ዛሬ ግን ተራዬን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ኤቫሪስቶ፣ ና እዚህ።"

በኋላ ምን እንዳስለወጣቸው ስጠይቃቸው "ፀጉሬን ልቆረጥ ሄጄ፣ አስተካካዩን ጨምሮ የሚያናግረኝ ሰው አጣሁ" ነው ያሉኝ። አይሳቁ ኮማንደር፣ እውነት ነው።

ኤቫሪስቶ ወጣ። ማይኩን ያዘ። የሚለው ሁሉ ጠፋበት። ሚስቱ ግራሳ ከኋላ ሆና "እንዴት እንደሰማህ ንገራቸው!" አለችው።

"ላም እያለብኩ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ሬዲዮው ነገረኝ። ሥራ ይቀነሳል፣ ይገባኛል። እኔም ላም እሸጣለሁ። ግን ላሟን ከመሸጤ በፊት ልጆቼን ቁጭ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። እኔና እናንተ ስንት ዘመን አብረን እሳት አጥፍተናል። አንድ ሰው መጥቶ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?"

ይህችን የመጨረሻዋን ስተረጉም የእህቴ ባል ግድግዳው ሥር ቆሞ ያየኛል።

ኮሎኔሏ ወደ እኔ ዘንበል ብላ "ያለው ይህን ብቻ ነው?" አለችኝ።

"ይህን ብቻ ነው።"

ተነሳች። "ውሳኔው የእኔ አይደለም፤ ልለውጠውም አልችልም" አለች ኤቫሪስቶን እያየች። "ልነግርዎት ግን እችል ነበር። አልነገርኩዎትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ይህ አዳራሽ መቼ መቼ ነው የሚከፈተው?" ስትል ጠየቀች።

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው" አልኳት።

በየወሩ መጣች። ከምትሰጣቸው መልሶች ግማሹ "አላውቅም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ" ነበር፤ መንደርተኛው "ኮሎኔል አላውቅም" የሚል ስም አወጣላት። ግን ጠይቃ ትመለስ ነበር። አዳራሹም ያለ ኮርማ መሙላት ጀመረ። ሰው መጀመሪያ ስለ እንጀራው ጠየቀ፤ ቀጥሎ ስለ መርከብ፣ ስለ ራዳር፣ ስለ ጦርነት፣ ቃል ኪዳኑን ማን እንደፈረመውና ማን ሊያፈርሰው እንደሚችል ጠየቀ። የሚደግፍ ደገፈ፣ የሚቃወም ተቃወመ። ወረቀት ስናድል በኖርንበት ዘመን አንድም ሰው እንዲህ ጠይቆን አያውቅም።

ሊዝበኖች ደውለው "በዓሉን የሠራተኛ ስብሰባ አደረጋችሁት" ሲሉ ኮማንደር ምን እንደመለሱ ታውቃላችሁ? "አዎ፣ መቀመጫ እንኳ አልበቃም" ብለው ስልኩን ዘጉ። እርቃችን የወረደው በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

ሥራው ተመለሰ ወይ? አልተመለሰም። እህቴና ባሏ ወደ ቶሮንቶ ሄዱ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተሰናበትነውን አልረሳውም። ኤቫሪስቶም ወደ መኪናው አልተመለሰም። ግን ከእኛ ጋር በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ልጆችን እሳት እንዴት እንደሚጠፋ ያስተምራል፤ የማኅበሩ ቦርድ አባል ሆኖም በየስብሰባው ይሟገተናል። ትንሿ ልጁ አሁን ሕግ ተማሪ ናት፤ ስትሟገት ከአባቷ ትብሳለች።

ዙልሚራ፣ ተተኪዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ወንበሬ የአንቺ ነው። ምክር አልሰጥሽም፤ ከእኔ የተሻለ ታውቂያለሽ። አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ እንጂ። እስካሁን "ሕዝቡ ይምጣ፣ ሕዝቡ ይጠይቅ" ስል ኖሬያለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሕዝቡ እኔ ነኝ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጥያቄዬም ብዙ ነው።

ወዳጆቼ፣ መንፈስ ቅዱስ ከየቤታችሁ አይራቅ። ባሕሩ ዓሣ ሊያጠምዱ ለወጡት ይገራላቸው፤ ከብቶቻችሁ ይርቡ። ኮማንደር፣ ለእርስዎ ጤናና የሚያወራ ፀጉር አስተካካይ። ልጆቻችሁ እዚሁ ደሴታቸው ላይ ሠርተው ይደሩ፣ ይክበሩ፤ የሚሄዱም ካሉ ወደው እንጂ ተገደው አይሂዱ። ዓለም ይህን ያህል በታወከበት ጊዜ ሰማያችን ላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ሳህን ከማንጫጫት ያለፈ ጉዳት አያምጣብን።

አሜን በሉኝ።