በጋሽ ነገሳ አጥርና በአስፋልቱ መሀል

ቅዳሜ ጠዋት ሾላ ገበያ በርበሬ ልገዛ ሄጄ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው፤ ጎረቤታችንን ጋሽ ነገሳን። አሮጌ ቆርቆሮ ተሸክመው ታክሲ ይለምናሉ። ረዳቱ "አባባ፣ ይሄ ታክሲ ነው፣ አይሱዙ አይደለም" ብሎ በሩን ዘጋባቸው። ሰላም ብዬ አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸውና በእግራችን ሲግናል በሚባለው አካባቢ በኩል ወደ ሰፈራችን ጀመርነው።

ቆርቆሮው ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው አጥራቸውን ከፍ ሊያደርጉበት ነው። በቅርቡ የሰፈር ስብሰባ ላይ ስለ ዋና ከተማዋ ደህንነትና ውበት የወጣውን አዋጅ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፣ አንባቢ ናት ተብዬ። አጥር የእግረኛ መንገድ እንዳይነካ፣ ወደ ውስጥ የሚያሳይ እንዲሆን፣ ከፊቱ አረንጓዴ ነገር እንዲተከል ይላል። ጋሽ ነገሳ ከፊት ቁጭ ብለው ሰምተዋል። ሰምተው ነው እንግዲህ ቆርቆሮ የገዙት።

እኛ ሰፈር ደግሞ አጥር ሲታደስ ባለበት አይታደስም። ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ ይደረጋል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም። የሳቸውማ ተገፍቶ ተገፍቶ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"ጋሼ፣ አዋጁን ረሱት እንዴ?" አልኳቸው።

"አልረሳሁም፤ በደንብ ነው ያነበብሽው፣ አፍሽ ይባረክ። ግን የአገር ሕግ አውጪ ሥራ አጥቶ ነው የኔን አጥር የሚለካው?"

ዋና ከተማ የሁሉም ሳሎን ናት አልኳቸው። ከጅማ የመጣውም ከመቀሌ የመጣውም፣ የውጭ እንግዳውም የሚገባው እዚህ ነው፤ ሰው ደግሞ ሌላው ቢቀር ሳሎኑን ያሳምራል። በራሴ ንግግር በጣም ኮርቼ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁብኝ።

"ሳሎን አልሽ? የኔ ሳሎንም ጓዳም አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ድንጋይ የተጫነበት። የድሃ ገመና የሚሸፈነው በአጥር ነው ልጄ። ፎቅ በተደረደረበት መንገድ ላይ አጥሬን ከፍቼ ድህነቴን ለአላፊ አግዳሚው ላሳይ?"

ይሄኛው እውነት ነው፤ ቆርቆሮውን በሌላ እጄ ያዝኩት። ምክር ደግሞ አያልቅብኝም፣ ሰፈሩ ይመሰክራል።

ትንሽ እንደሄድን በአገጫቸው ወደ እንጦጦ እየጠቆሙ፣ ከዳገቱ እስከ ታች ድረስ ያለው ሁሉ የአባታቸው የገብስ ማሳ እንደነበር አወሩኝ።

"ከተማው ማሳዬን በላው። እኔ አንድ ክንድ ብመልስ ሌባ ነኝ?"

"ሌባ የሚል ቃል አልወጣኝም ጋሼ። ግን የወሰደብዎ ሌላ፣ እርስዎ የሚመልሱት ከሌላ። ያቺ ክንድ የእግረኛ ናት።"

"የምን እግረኛ? አሁን ማን በእግሩ ይሄዳል?" አሉ፣ ቆርቆሮ ተሸክመው በእግራቸው እየሄዱ። እንዳልስቅባቸው ከንፈሬን ነከስኩ።

እሳቸው ወትሮ የሚወጡት የሚገቡት በጓሮ በር ነው። ቆርቆሮው በዚያ ስለማያልፍ በፊት ለፊት መጣን፤ የአጥራቸውን ጥግ ይዘን፣ ማለትም አስፋልቱ ላይ። አሸዋ የጫነ አይሱዙ ከላይ እየተንደረደረ መጣ። ወደ ጎን እንዳንል አጥሩ ነው። ጀርባችንን አጥሩ ላይ ለጠፍን። መኪናው ሲያልፍ የያዝነውን ቆርቆሮ ገጭቶ ከእጃችን ነጥቆ ወረወረው።

ጋሽ ነገሳ አጥራቸውን እንደተደገፉ ቀሩ። በጣም ቀስ ብለው፣ "ሙሉነሽ ሚካኤልን ልትሳለም የምትሄደው በዚህ ነው?" አሉኝ።

እትዬ ሙሉነሽ ባለቤታቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ የጓሮው ቁልቁለት አይሆንላቸውም።

"በዚህ ነው ጋሼ። ሌላ በየት ይሂዱ?"

"ማን ይመራታል?"

"አጥሩ። በእጃቸው እየዳበሱት ነው የሚሄዱት።"

እጃቸውን አጥሩ ላይ አድርገው እየዳበሱ እስከ በራቸው ሄዱ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ምክሬን ዋጥኩት።

በሳምንቱ የመጀመሪያውን ሚስማር የነቀሉት ራሳቸው ናቸው፤ ማንም መጥቶ ሳያስገድዳቸው። አጥሩ ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ፣ ዝቅ ያለ የብረት ፍርግርግ ሆነ፣ ከፊቱ አበባ ተተከለ። መጀመሪያ ቀን አፍረው ከቤት አልወጡም። ሲወጡ ግን መንገደኛው ሁሉ እንደምን አደሩ ይላቸው ጀመር። "ለካ ሰው የሚያየው ቤቴን ሳይሆን እኔን ነው" አሉኝ፤ ግድግዳውንም ኖራ ቀቡት። ከእንጦጦ ፓርክ ቁልቁል ሲያይዋት አዲስ አበባ ታምራለች ይባላል። እኔ ግን የኮራሁባት ያን ቀን ነው፣ ከበራችን ሆኜ ሳያት።

እሁድ እትዬ ሙሉነሽ ከዘራቸውን ይዘው አጥሩ በለቀቀው የእግረኛ መንገድ ብቻቸውን ወጡ። ጋሽ ነገሳ በፍርግርጉ እያዩ ሸኟቸው። እትዬ ሙሉነሽ ቀጥሎ ያለው የጋሽ ከበበ አጥር ጋ ሲደርሱ ግን መንገዱ አለቀባቸው። እሱም የተገፋ ነው። ቆሙ። ጋሽ ነገሳ ሄደው የጎረቤታቸውን በር አንኳኩ።

"ከበበ፣ ይሄን አጥርህን መልሰው። ልጆችህ አስፋልት አይወርዱም። ሌባ መደበቂያ ያጣል። መንገደኛው ሰላም ይልሃል። ከተማዋም ሰው የሚኖርባት ትመስላለች።"

ጋሽ ከበበ በሩን ገርበብ አድርገው ሳቁ። "ነገሳ፣ አንተ ነህ ስለ አጥር የምትመክረኝ?"

"አዎ፣ እኔው ነኝ። ሙሉነሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ አስፋልት አትወርድም። እስክታነሳው እዚሁ ትቆማለች።"

እትዬ ሙሉነሽም ከዘራቸውን ተክለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ጋሽ ከበበ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ አጥራቸውን አዩና መዶሻ ሊያመጡ ገቡ።