እንቁላሏን ሲያነሱባት

ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ በሬን አንኳኩተው «በቀቀኔ ልትሞትብኝ ነው» አሉኝ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በቤታቸው የምታወራቸው እሷ ብቻ ናት። ስደርስ ከሽቦ ቤቷ ወለል ላይ ወድቃ ትንቀጠቀጣለች። በነጠላቸው ጠቅልያት፣ ፋሲሎ ሰፈርን በባጃጅ አቋርጠን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ደረስን።

ሐኪሟ ሆዷን ዳበስ አድርጋ፣ «እንቁላሉ አልወጣ ብሏታል። ካልሲየሟ አልቋል» አለች። «በፊት የጣለችውን ያነሱባት ነበር?»

«ወዲያው ነው የማነሳው፤ ቤቷን እያጸዳሁላት።»

«ባነሱ ቁጥር ልትተካ ትጥላለች። ቅርፊቱን የምትሠራው ደግሞ ከራሷ አጥንት ነው።»

በቀቀኗ ካልሲየም ተወግታ፣ በሙቅ ፎጣ ተጠቅልላም ትንፋሿ ሲቆራረጥ እኔ ተስፋ ቆረጥሁ። ኋላ ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ወጣ። እትዬ ዘሀራ እንደ ልማዳቸው ሊያነሱት እጃቸውን ሰደዱና መሀል ላይ መለሱት። በቀቀኗ እየተንፏቀቀች ሄዳ ታቀፈችው።