ትራም ላይ ለቅሶ የደረሱኝ ሴትዮ

እዚህ ጣሊያን አገር በምሳፈርበት የፒኜቶ ሰፈር ትራም ላይ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት እርጉዝ እየመሰልኳቸው ወንበር ይለቁልኝ ነበር። ቦርጭ ነው ማለት አፍሬ እቀመጥ ነበር! በኋላ ሥራ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፤ እራትም ትቼ በጥቂት ወራት ከሳሁ። ካሰብኩት ለመድረስ ሁለት ኪሎ ሲቀረኝ መስታወት ፊት ብቆም፣ ሆዴ ላይ የተንጠለጠለ ቆዳ! "ለዚህ ነው እንዴ የተራብኩት?" አልኩ ጮክ ብዬ። ቤት ውስጥ ማን አለና ይመልስልኛል።

በማግስቱ ዘነበና ትራም ያዝኩ። አሮጊቷ ሆዴን አዩ፤ ልጅ ያልታቀፈ እጄን አዩና ጭብጥ አድርገው ያዙኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል" አሉኝ በጣሊያንኛ። ኧረ ቦርጬ ነው የጠፋው ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ምን ልበላችሁ፣ በዚህ ሁሉ ወር መክሳቴን ልብ ያሉ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ለቅሶ ደረሱኝ።