ገጽ አሥራ አራት ላይ ያለው አባቴ

ክቡራትና ክቡራን፣ ዳይሬክተራችን አቶ ፊሊሞን፣ ባልደረቦቼ፤

ሥራችሁን ትታችሁ ይህን ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ አላህ ያክብራችሁ። እኔ ክፍል ውስጥ ንግግሩን «ክቡራትና ክቡራን» ብሎ የጀመረ ተማሪ «ይሄ የተሸመደደ ነው» ተብሎ ነጥብ ይቀነስበት ነበር። ዛሬ እኔ ላይ የሚቀንስ የለም። የሚቀነሰው ተቀንሶ አልቋል፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ለሻንጣውም አመሰግናለሁ። ሰምሃር ስታስረክበኝ «ቲቸር ፈዲላ፣ ስኮትላንድ ብርድ ነው አሉ፣ ሁለት ጋቢ ይይዛል» አለችኝ። የእኔ ክፍል ከሰኞ ጀምሮ የሰምሃር ነው። ጠመኔ አታባክኚ እሺ?

አሥራ አራት ዓመት! እዚሁ ኢምፔሪያል፣ ከፋርማሲው በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስንቱን ለእንግሊዝኛ ፈተና አዘጋጅቼ ሸኘሁ? ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ የሊስኒንግ ልምምዱን እናቆማለን። ተማሪው ሁሉ ወደ ጣሪያው ቀና ይላል። አንድም ቀን «ወደ ወረቀታችሁ!» ብዬ ተቆጥቼ አላውቅም፤ እኔም ቀና እል ነበራ።

የመለማመጃ ጥራዛችንን ገጽ አሥራ አራት የማያውቅ አለ? የለም። ስፒኪንግ ላይ «የምታደንቁትን ሰው ግለጹ» የሚል ጥያቄ ይመላለሳል። በመጀመሪያው ዓመቴ ናሙና መልስ ቢቸግረኝ አባቴን ጻፍኩት፤ አብዱራሕማንን፣ ከኮምቦልቻ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር። ከዚያ ነጥብ ያምጣ ብዬ አሳመርኩት። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ በገጽ አሥራ አራት ግን ከሬዲዮ እንግሊዝኛ ተማረ። «ትምህርት የስኬት ቁልፍ ነው» ይለኝ ነበር ብዬም ጨመርኩ። አባቴ ይህን ቢሰማ «ማነው እሱ፣ ካድሬ ነው?» ይል ነበር።

ገጹ ተወደደ። ፀጋ፣ የፎቶኮፒ ክፍላችን ንግሥት፣ እዚያ ጥግ ሆነሽ አትሳቂ! እያባዛሽ እስከ መገናኛ ያዳረስሽው አንቺ ነሽ።

ተማሪያችን ገብረሰንበትን ታስታውሱታላችሁ? አባቱ አዲግራት ቄስ ናቸው። ልምምድ ላይ ቁጭ ብሎ «አባቴ ከኮምቦልቻ አሰብ ይነዳ ነበር» አይለኝም?

«አንተ፣ አባትህ ቄስ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው ቲቸር። ግን ቄሱ ከዘጠኝ ስድስት ነው የሚያመጡልኝ፤ ሹፌሩ ሰባት።»

ከልቤ ሳቅኩ። እውነትም ሰባት አመጣ። ዛሬ ማንቸስተር ነው፤ ቄሱን ትቶ አባቴን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ስኮትላንድ ለማስተርስ ስኮላርሺፕ ሲሰጡኝ የጠየቁኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ፈተናው አራቱም ክፍል ከሰባት እንዳላንስ። ለእኔ? ሳልፈተን የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አስገባሁ። አቶ ፊሊሞን «ውጤቱን ጠብቂ እንጂ» ሲሉኝ ምን አልኳቸው? «ለቀባሪው አረዱት!»

ፈተናው ላይ ያ ጥያቄ መጣ። የማደንቀው ሰው! ውይ ደስታዬ! አባቱ የእኔ፣ ገጹ የእኔ፤ ማን ይበልጠኛል? ለቀቅኩት። «አሰብ» ስል ፈታኟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዚያ ሳምንት ስንተኛው የአሰብ ሹፌር እንደሆነባት አላህ ይወቅ። ጨዋ ሴት ናት፣ አልተቆጣችም። «እስቲ ስለ አባትሽ ለማንም ያልነገርሽውን አንድ ነገር ንገሪኝ» አለችኝ።

«በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው» አልኩ። ለተማሪዎቼ የማስተምራት ማምለጫ ናት። ከዚያ በሐሳቤ አባቴን ፈለግኩት፤ የሚመጣልኝ ሬዲዮውና የስኬት ቁልፉ ብቻ ነው። ከራሴ አባት ይልቅ የጻፍኩትን አባት አውቀው ነበር።

ውጤቱ ማክሰኞ መጣ። ሊስኒንግ ዘጠኝ፣ ሪዲንግ ስምንት ተኩል፣ ራይቲንግ ሰባት ተኩል። ስፒኪንግ ስድስት ተኩል። ስፒኪንግ! እኔ አፈኛዋ! የዩኒቨርሲቲው ቀነ ገደብ ትናንት አለፈ። አዎ፣ አልሄድም። ሰምሃር፣ አትደንግጪ፣ ኬኩን ቁረጪ እንጂ። «መልካም ጉዞ» የሚለው ያለበት ቁራሽ ለእኔ ይሁን።

አቶ ፊሊሞን፣ ፊትዎን እያየሁ ነው፤ «ተመለሽ» ሊሉኝ ነው። አልመለስም። የሰው ልጅ የገዛ አባቱን ጥሎ የእኔን እንዲያነሳ ሳስተምር ኖሬ አፍሬያለሁ። ነጥቡም አናዶኛል፣ አልዋሽም፤ ደግሞ እፈተናለሁ። የፈተና ወንበር ላይ አባቴን ማጣቴ ግን አመመኝ። ከቀበርነው ሃያ ዓመቱ ነው፤ እንደ አዲስ የቀበርኩት መሰለኝ።

ከፈተናው ስወጣ ታክሲው መንገድ ተዘግቶበት እዚህ ኢምፔሪያል ቆመን ሳለ ድንገት መጣልኝ። አባቴ መሰናበት አይወድም ነበር። ለሦስት ሳምንት አሰብ ሲሄድ «ደህና ሁኑ» አይልም። ሻዩን ግማሽ ጠጥቶ ብድግ ይልና «እንዳትደፉት፣ መጣሁ» ይላል። እናቴም አትደፋውም፤ ሳህን ትከድንበታለች። የመጨረሻ ቀን ወደ ሆስፒታል ስንወስደውም ይህንኑ ብሎ ወጣ። ያን ሻይ ማን ይድፋው? ሦስት ቀን እንደተከደነ ከረመ።

ይሄ ስፒኪንግ ላይ ስንት ያመጣ ይሆን? እኔ እንጃ። ለማንም ያልነገርኩት ይሄ ነበር፤ ለእናንተ ነገርኳችሁ።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ገጽ አሥራ አራት በየመሳቢያችሁ ያላችሁ አምጡና እዚህ ሻንጣ ውስጥ ክተቱልኝ። ፀጋ፣ ዋናውን ቅጂ እንዳትደብቂ፣ አውቅሻለሁ! ሰምሃር፣ ከሰኞ ጀምሮ ቄሱም ይምጡ፣ የሌላው ተማሪ ሱቅ ጠባቂ እናትም ትምጣ። ስድስት ቢያመጡም ይምጡ። እኔ አባቴን ወደ ቤቴ እወስደዋለሁ።

በሉ እጃችሁን ዘርጉ፤ የወሎ ልጅ ሳትመርቅ አትነሳም። የምትሄዱትን መንገዱን ያቅልላችሁ። የምትቀሩትን አገሩን ያስፋላችሁ። ልጆቻችሁ ስማችሁን ሲያነሱ በሰው አፍ ሳይሆን በራሳቸው አፍ ያንሱት። ተጠይቃችሁ መልስ ከማጣት ይጠብቃችሁ። ይህን ቤት የሚያንኳኳ አያጥፋበት። አሚን በሉ!

ሻዬን ግማሽ አድርሼዋለሁ። እንዳትደፉት፣ መጣሁ።