ሥሩ አፈር ያልነካ ችግኝ

ዝናቡ ዘገየ። ሲመጣም በረዶ ይዞ መጣ። ከበረዶ የተረፈውን ቲማቲም ደግሞ ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ጨረሰው። አምናም እንዲሁ ነበር፤ ካቻምናም።

አትክልተኛው አፈር በምላሱ ስለሚመረምር ሰፈርተኛው «አፈር ቀማሹ» ይለዋል። ችግኙ ባለቀበት በመጀመሪያው ክፉ ዓመት ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ከራሷ መደብ ችግኝ ነቅላ አበድራው ነበር። እስካሁን አልመለሰላትም። እሷም አንድ ቀን «የታለ?» አላለችውም። የሚያንገበግበው ይኸው ዝምታዋ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ የእርሻ ትምህርቷን የጨረሰችው የእህቱ ልጅ ጠጠር በባልዲ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ አገኛትና አገዛት። ጣሪያው ላይ ቲማቲሞች በባልዲ ጠጠር ውስጥ ቆመዋል፤ ከአንድ በርሜል በተሳቡ ቀጫጭን ቱቦዎች ውሃ ጠብ ጠብ ይልላቸዋል።

«ጠጠር ዘርተሽ ቲማቲም ልትለቅሚ ነው?»

«ጠጠሩ ማቆሚያ ነው፣ አጎቴ። ምግቡ በርሜሉ ውስጥ ተበጥብጧል።»

እንደ ልማዱ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«ኧረ ይህንስ ለጠላቴ! ልጄ፣ ሰው እንኳ የተሠራው ከአፈር ነው።»

«ቢሠራም አፈር አይበላም። ተክልም አፈሩ የያዘውን ማዕድን በውሃ ይጠጣል እንጂ አፈሩን አይበላም። የእርስዎ መደብ ታሟል፤ በበሽተኛ ጉያ ተኝቶ ማን ይድናል?»

«አፈር ከድቶኝ አያውቅም!»

«አልከዳዎትም። በየዓመቱ ቲማቲም አሸክመው አላሳረፉትም እንጂ።»

ራሱን እየነቀነቀ ደረጃውን ወረደ። ደረጃ የወረደ ሽማግሌ ግን ተረትቷል ማለት አይደለም።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ቲማቲሞቹ አንገታቸውን ደፉ። ልጅቱ ቱቦውን ብትፈታ ጭቃ ወጣ። የአጎቷን ጥፍር አየች።

«አጎቴ?»

«አዘንኩላቸው» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «አንድ እፍኝ አፈር ብቻ ነው። እንደ ጉርሻ።»

«አዝነው ሊገድሉልኝ!» ብላ ሳቀች።

ርኅራኄ ዕውቀት ሲያጣ እንዲህ ያደርጋል። በርሜሉን ደፍተው በበረኪና አጠቡት፣ ቱቦውን በመርፌ ጠረጉት፣ ምግቡን አዲስ በጠበጡት። ጠብታው ተመለሰ። ሽማግሌው ከባልዲዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅጠሉ ሁሉ ቀና አለ፤ አንዲት ቅንጣት አፈር ሳይነካ!

«ይህ ነገር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ችግኝም ያሳድጋል?»

«ማሳደግ ብቻ!»

ከዚያ ወዲያ የበርሜሉ ጠባቂ እሱ ሆነ። ልጅቱ የነገረችውን አሁን እሱ ለጎረቤት ያስረዳል፦ «የተረፈው ውሃ ወደ በርሜሉ ስለሚመለስ በጥቂቱ ብዙ ታጠጣለህ። የአፈር በሽታ አይደርስበትም። መሬት የሌለው ጣሪያ አያጣም። ግን በርሜሉን ከፀሐይ ሸፍን፤ ልኩንም አትለፍ፤ ምግብም ሲበዛ ይገድላል።» የታመመውን መደቡንም ባቄላ ዘርቶ አሳረፈው።

ችግኙ ሲደርስ ማለፊያ ማለፊያውን መርጦ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ልብስ ሰፊዋ ደጅ ላይ አስቀመጠ። እሷ አንዱን አንስታ ገለበጠችው።

«ሥሩ እንዴት ነጥቷል! የት አፈር ላይ አበቀሉት፣ ጋሼ?»

«አፈር ላይ አይደለም፣ እትዬ። የእህቴ ልጅ ናት ያስተማረችኝ።»

«እኔ እኮ ረስቼው ነበር።»

«እኔ አልረሳሁም።»

ሴትዮዋ ዓይኑን አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ ተቀበለችና፣

«ተመልሶልኛል» አለችው።