በሳሙና የታጠበው የወተት ዕቃ

ወደ ጅግጅጋ መናኸሪያ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። አንዷ ከሥራሥር የተሠራ የወተት ዕቃ አቅፋለች።

«በኮርሱ ኤ አግኝተሽ ምን ያስጨንቅሻል?» አለቻት ጓደኛዋ።

«አያቴ ናታ! ለባህል ኮርሱ ላሳየው ብዬ ዕቃዋን በሳሙና አጠብኩት።»

«ታዲያ ጸዳ አይደል?»

«የኛ ዕቃ የሚጸዳው በጭስ ነው እኮ። ክፍል ውስጥ ጭስ ጭስ ይላል እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው ያጠብኩት።»

«መምህሩስ?»

«ሲያምር ብሎ አስጨበጨበልኝ። አያቴ ግን ነገ እሷ ጋ ሸደር ስገባ ገና ክዳኑን ስትከፍት ታውቃለች።»

«እሷ ሳታየው እንደገና ይታጠናላ!»

«በየትኛው እንጨት? ስለ ዕቃው ስምንት ገጽ ጻፍኩ እንጂ እንዴት እንደሚታጠን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።»

ከኋላቸው ሆኜ ሳላስበው የጭስ ሽታ ፍለጋ አየሩን ሳብ አድርጌ አሸተትኩ።