የዓርብ ጥብስ

ሰመራ ውስጥ ያለው አለቃችን ስለ ክርስቲያናዊ ሕይወት ሳይሰብከን ሥራ አያስጀምረንም። ባለፈው ዓርብ ምሳ ልጋብዝህ ብሎ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ምግብ ቤት ወሰደኝና ለሁለታችንም ጥብስ አዘዘ። አለቃ ሲጋብዝ ቀን አይቆጠርም ብዬ እጄን ታጠብኩ። ጥብሱ ሲቀርብ ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና የምግብ ቤቱን ባለቤት ዘይነባን ጠራት።

“ስሚ፣ ሥጋው የማን ነው?”

“የእስላም ነው፣ ጋሼ።”

ከወንበሩ ብድግ አለ። “እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ! ሳትጠይቂ እንዴት ታቀርቢልኛለሽ?” ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን።

የወሎዋ ዘይነባ ከልቧ ደነገጠች። “አፉ በሉኝ ጋሼ! ወላሂ፣ በዓርብ ቀን ጥብስ ሲያዙ የኛ ሰው መስለውኝ ነው። ሽሮ ላምጣ?”

አለቃዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሁለታችንም ስብከት እንደሚሰማ ምእመን ራሳችንን ነቀነቅን።